ጭን የሚስበው ብረት

ውድ ልጄ ሲስተር ጽዮን፣

እስክሪብቶውን የያዘው የመሪጌታ ዋለ እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የቢሻው ነው። ይህን አስቀድሜ ያስጻፍሁት፣ መሪጌታ ገና ወረቀቱን ሲዘረጉ በግዕዝ ሰላምታ ሊጀምሩልሽ ስለነበር ነው። «መሪጌታ፣ ይች ልጅ ነርስ ናት እንጂ ታቦት አይደለችም፤ እኔ እንደተናገርሁት ይጻፉ» አልኋቸው። ተቀየሙኝ። እየጻፉ ነው ግን።

እንዴት ሰነበትሽ? ሥራው፣ አገሩ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱም ዘንድሮ አምሮበታል። ስልክሽን ሳስደውል ከረምሁ፤ አንዲት ሴት ከውስጥ ሆና «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» ትለኛለች። የት እንደሄድሽ ስጠይቃት ያንኑ ትደግማለች። ጤና ጣቢያው ድረስ ብሄድ «ባሕር ዳር ተዛወረች» አሉኝ። የምትሠሪበትን የነገረኝ የአምቡላንሱ ሾፌር ነው።

ካላስታወስሽኝ፣ ከመካነ ኢየሱስ በሚመጣው መንገድ ዳር የልጁን እግር በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም ብሎ ያስቸገረሽ ሽማግሌ እኔ ነኝ። ወጌሻው። በእኛ አገር አጥንት ተሰብሮ እኔ ያልገባሁበት ቤት የለም ብል መሪጌታም አይክዱኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አጥንት ግን ቆጥሬአለሁ።

ጉዳዬን ሳልዞር ልንገርሽ። ያን ጭን የሚስበውን ብረትሽን አየሁና አምሳያውን አሠራሁ። አንዲት ሴትም እግሯ ገብቶበት ወጥቷል። አሁን ከቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገሩ ሁሉ እሱን ብሎ ይመጣል። ልተወው ወይስ ገደል ልክተተው? ይህን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እነግርሻለሁ፤ አንቺም አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ።

የልጄን የባዩን ነገር ልጀምር፤ ያንቺን ብረት ያየሁት በእሱ ነውና። ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ቁልቁል ተንከባሎ ጭኑ ላይ ወጣ። ስደርስ እግሩ አጥሯል፣ ጭኑ ከመሃል ጎብጧል፣ ጫማው ወደ ውጭ ዞሮ የሌላ ሰው እግር መስሏል። እኛ ዘንድ ልማድ አለ፤ ወጌሻ የገዛ ልጁን አይስብም። እኔም በልጅነቴ ክንዴ ሲወልቅ አባቴ ያን ሁሉ ሰው የሚጠግነው ሰውዬ በበቅሎ አፈናጦ ስማዳ ድረስ ወስዶ ለሌላ ወጌሻ ሰጠኝ። እጅ ይራራል፣ የራራ እጅ አጥንት አያገጥምም ይባላል። ባዩ ግን ከፊቴ ተጋድሞ «አባዬ! አባዬ!» እያለ የት ልሂድ? ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ሳብሁት።

ስስበው ዝም አለ። ላላ ሳደርገው ጮኸ። እንደገና ስስበው እንደገና ዝም። ይህን ነገር ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ስቤ፣ አጋጥሜ፣ ቀርቀሃዬን አስሬ መልቀቅ ነው እንጂ ስቦ መቆየት የሚባል ነገር አስቤ አላውቅም። የዚያን ቀን መልቀቅ ፈራሁ። ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሡ፣ እኔ ከግርጌ ሆኜ እግሩን እንደሳብሁ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት አብሬ ተራመድሁ። ክንዴ የእኔ መሆኑ ጠፋኝ።

አንቺ ከመኪናው ስትወርጂ፣ አሁን ይች ልጅ «ልቀቅ!» ትለኛለች ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። የመንግሥት ሰው ወጌሻ ሲያይ ሌላ ቃል የለውማ። አንቺ ግን ገና በሩን ሳትዘጊ፣

«አባባ፣ እንዳይለቁ!» አልሽ። «በእናትዎ እንዳይለቁ! እንዲሁ እንደያዙ።»

«እለቃለሁ መች አልሁሽ?»

«ማን ነው እንዲህ መያዝ ያስተማረዎት?»

«ያስተማረኝ የለም። ስለቀው ይጮኻል፣ አልለቅሁትም።»

ሳቅሽ። ከዚያ ጭኑን ትተሽ ጉልበቱን መዳበስ ጀመርሽ። ጉልበቱን፣ ዳሌውን፣ ቁርጭምጭሚቱን። ደሜ ፈላ።

«አንች ልጅ፣ የተሰበረው እኮ ጭኑ ነው። ዓይንሽ የት ነው ያለ?»

«ዓይኔ እዚሁ ነው አባባ። ጉልበቱም ከተጎዳ ግን በዚህ ብረት አልስበውም።»

«ለምን?»

«የምስበው ከእግሩ ጫፍ ነው። ስበቱ በጉልበቱ አልፎ ነው ጭኑ የሚደርሰው። ጉልበቱ ተሰብሮ ከሆነ እዚያው ላይ ይበጣጥሰዋል።»

እሺ ያልሁት ተሸንፌ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። መሃሉ የሳሳ ገመድ ሸክም ቢስቡበት ከሳሳበት ነው የሚበጠስ።

ከዚያ የእግር ጣቱን ጥፍር ጫን አድርገሽ ለቀቅሽው፤ ነጭ ሆነና ቀላ። ይህንንም ዐይኔ ያዘው። ከዚያ ያን ብረት ከቦርሳው አወጣሽ። ተጣጥፎ አንድ ክንድ የማይሞላ ነገር፣ ስትዘረጊው እንደ ጃንጥላ እግር እየረዘመ ሄደ። አንዱን ጫፍ ከቂጡ ሥር ካለው አጥንት ላይ ደገፍሽው፤ መሪጌታ «መቀመጫ» ብለው ሊጽፉት ነበር፣ እኔ ግን ቂጥ ነው ያልሁት። በብሽሽቱ ማሰሪያ፣ በቁርጭምጭሚቱ ማሰሪያ። ከዚያ ማጥበቂያውን እንደ ሰዓት መሙላት ጀመርሽ፤ ጠር፣ ጠር፣ ጠር። የባዩን ፊት እያየሽ ነበር እንጂ ብረቱን አላየሽም።

«አሁን ይልቀቁ አባባ።»

አልለቅሁም።

«ይልቀቁ፣ ብረቱ ይዞታል።»

«ብረት ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም። ስለዚህ አይደክመውም፣ አይራራም።»

አንድ አንድ ጣት እያልሁ ለቀቅሁ። ባዩ አልጮኸም። ጭራሽ ዐይኑን ገልጦ «አባዬ፣ መጥረቢያዬን ማን ያዘው?» አለ። ቃሬዛ የተሸከሙት ሁሉ ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም። የሰው ልጅ በብረት ይቀናል ወይ? ቀናሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ብረት ከራሴ አልወጣም።

በመኪናው ውስጥ ስንሄድ የነገርሽኝን ረስተሽው ይሆናል። «አባባ፣ ጭን ብዙ ደም ይደብቃል፤ ውጭ ጠብ ሳይል ሰው ይሞታል» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ስልቻ አሰብሁ። እህል የተሞላ ስልቻ ሲያጥር ሆዱ ይነፋል፣ ብዙ ይይዛል፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲወጥሩት ይቀጥናል፣ ውስጡም ይጠባል። ጭንም ሲያጥር ለደሙ ቦታ ይሰጠዋል፣ ሲሳብ ቦታ ይነሣዋል ማለት ነው? ይህን መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ አንቺ ግን የደም ግፊቱን ስትለኪ፣ ጥፍሩን ስታዪ ጊዜ አልነበረሽም። ይኸው አሁን ጠየቅሁሽ። አንድ በዪ።

ሆስፒታል ደረስን፣ አንቺም ተሰናብተሽን ተመለስሽ። ራጅ አነሡትና ወዲያው ብረቱን ሊፈቱ ጀመሩ። እኔ ከበሩ ላይ ቆምሁ።

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«ልንፈታው ነዋ አባቴ» አለኝ አንድ ወጣት ሐኪም።

«በመጀመሪያው ቀን? እኔ ቀርቀሃ ካሰርሁ አርባ ቀን የሚፈታው የለም! ማነው አንተን ያስተማረህ?»

«አባቴ፣ ይሄ የመንገድ ነው። እዚህ እስኪደርስ ነው። ሕክምናው ሌላ ነው።»

የመንገድ! ሰው የሚያድን ነገር የመንገድና የቤት አለው ወይ? ባዩ ራሱ «አባዬ ተው፣ አታዋርደኝ» ባይለኝ ከዚያ በር የሚያነሣኝ አልነበረም። ፈቱት። ፈትተውም ከጉልበቱ በታች ሽቦ አሳለፉበት፣ ገመድ አሰሩበት፣ ገመዱን በአልጋው ግርጌ በመንኮራኩር አሳልፈው የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠሉበት። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ አምላኬን አመሰገንሁ። ያን እኔ በክንዴ ሳደርገው የነበረውን አሸዋ ሌት ተቀን ያደርገዋል! ሥራውን ያስተማረኝ የአባቴ እጅ ምን ያህል ይስብ እንደነበር አስታውሳለሁና፣ አሸዋው ምን ያህል እንደሚስብ ልመዝን ብዬ ከረጢቱን ከሥር ደገፍ ባደርገው ባዩ እንደ ጊደር ጮኸ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። «አባቴ! አሸዋውን ማን ይንኩ አለዎት?» ከዚያ ወዲያ ስገባ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነበር የምቆመው፤ ሁሉም ይጠብቀኝ ነበር።

ሐኪሙ «የመንገድ ነው» ያለውን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ ሆዴ አልገባም። እኔ ያሰብሁት ሌላ ነው። ብረቱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለሌላ ሰው ሊወስዱት ነው የፈቱት አልሁ። ሁለት ቢኖር አይፈቱትም ነበር አልሁ። ተሳሳትሁ፤ ግን ምክንያት ነበረኝ። ቀርቀሃ አስሮ ያደገ ሰው፣ የታሰረ ነገር እስኪድን ይታሰራል ብሎ ነው የሚያውቀው።

ባዩ ድኖ ቤቱ ሲገባ እኔ መካነ ኢየሱስ ወርጄ ክንዱ ከሚባለው በያጅ ዘንድ ሄድሁ። በመሬት ላይ በዘንጌ ሣልሁለት።

«አያ ቢሻው፣ ይሄ የምንድን ነው? የበር ነው የአልጋ?»

«የሰው ነው።»

«የሰው ምን?»

«በይድ ብዬሃለሁ።»

«እሺ፣ ግን ሰውየው በሕይወት እያለ ነው የሚገባበት ወይስ ከሞተ በኋላ?» አለኝ፤ ወፍጮ ቤት ድረስ የሚሰማ ሳቅ ተሳቀ። ቢሆንም ከፌሮ አሳምሮ ሠራልኝ። ያንቺን ማጥበቂያ ግን መሥራት አልቻለም። እኔ ዘዴ ፈጠርሁ። የበቅሎ ጭነት እንደምናጠብቀው፣ ገመዱን እጥፍ አድርጎ በመሃሉ እንጨት አስገብቶ መጠምዘዝ። ከቂጥ ሥር የሚገባውን በበግ ለምድ ጠቀለልሁት።

በሰው ከመሞከሬ በፊት በራሴ ደኅና እግር ሞከርሁት። የጠመዘዙት መሪጌታ ናቸው፤ ይህን ሲጽፉ ይስቃሉ። «ይበቃል?» ይሉኛል፣ «ይጨምሩ» እላለሁ። «ይበቃል?» «ይጨምሩ።» ያን ዕለት ብሽሽቴ ተላጠ፣ ግን አንድ ነገር ዐወቅሁ፤ ደኅና እግር ሲሳብ ያማል፣ የተሰበረ እግር ሲሳብ ያርፋል። ይህ ለምንድን ነው? ሁለት በዪ።

አሁን ወደ ሐረገ ወይን እመጣለሁ። ሐረገ ወይን የልጆች እናት ናት፣ ባሏ ሞቶባት ከወንድሟ ከልመንህ አጥር ለአጥር የምትኖር። የእርከኑ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ተንዶ ቁልቁል ይዟት ወረደ። ጠሩኝ፣ ብረቴን ተሸክሜ ሄድሁ። መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል። እንደ አንቺ አደረግሁ። ጉልበቷን ዳበስሁ፣ ደኅና ነው። ዳሌዋን፣ ቁርጭምጭሚቷን፣ ደኅና ነው። ጭኗ ነው፣ ከመሃል። ልመንህ እግሯን ስቦ ያዘ፣ እኔ ብረቱን አስገባሁ፣ ጠመዘዝሁ፣ ፊቷን እያየሁ። እንዲያ ስትጮኽ የነበረች ሴት «እፎይ» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔም ክር አሰርሁባት። ከጋቢዬ ጫፍ ፈትል መዝዤ፣ ጭኗን ዙሪያውን፣ ጣት በሚያስገባ ልክ ላላ አድርጌ። አንቺ የባዩን ጭን ደጋግመሽ በእጅሽ ስትለኪ አይቻለሁ፤ የእኔ እጅ ግን የደስታና የሐዘን ጊዜ ስንዝሩ ይለያያል። ክር አይለያይም።

ልመንህ ላቡን ጠርጎ፣ «በቃ፣ ቤቷ እናስገባት፤ አርባ ቀን ትተኛ። ሆስፒታሉን አያ ቢሻው እዚሁ አመጣልን!» አለ። ሁሉም «እውነት ነው» አሉ።

ሲስተር ጽዮን፣ እኔ ዝም አልሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ማየት ፈለግሁ። አርባ ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል? ሐኪሞቹ ያላዩትን እኔ ላየው ነው። ብረቱ የመንገድ ብቻ ነው ወይስ የሚያድን? ጥያቄው ከእጄ መዳፍ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ቃል ሳልናገር ዝም ብል መልሱን አገኘዋለሁ። አስገብተው አስተኟት። እኔም ከአጠገቧ ተቀመጥሁ።

ውሃ ጠየቀች። ጨርቅ አርጥበው ከንፈሯን ጠረጉላት። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ውሃ» አለች። እንደገና። የእግር ጣቷን ጥፍር ጫንሁት፤ ነጭ ሆነ፣ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ደነገጥሁና የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ አላላሁት፤ ቀስ ብሎ ቀላ። ማሰሪያው ነው አልሁ፣ ልቤ ተመለሰ። ከዚያ ክሩን አየሁት። ጣት ያስገባ የነበረ ክር ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል።

ያኔ ገባኝ። ብረቱ ያስቀረው ጩኸቱን ነው። ደሙ አልሰማውም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። እሷ ዝም ስላለች እኛ ዳነች አልን። ብትጮኽ ኖሮ እስካሁን መንገድ ላይ ነበርን።

«ተነሡ፣ ቃሬዛ አምጡ» አልሁ።

ልመንህ ቀና አለ። «ወዴት?»

«ሆስፒታል።»

«አያ ቢሻው፣ ጤና የለዎትም እንዴ? አሁን ዳነች ብለው እልል አስብለውን!»

«እልል ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ አፌን አልከፈትሁም።»

«ካልጮኸች ምን አላት?»

«ደም አላት። ከውስጥ።»

«የት አለ ደሙ? አንዲት ጠብታ ያየ አለ?» ብሎ ሰዉን ዞሮ አየ።

ክሩን አሳየሁት። አየና ሳቀ፤ የፈራ ሰው ሳቅ ነው። «በክር ነው እህቴን ከአልጋዋ የማስነሣት? በመንገድ ብትሞትብኝስ? ቤቷ ደኅና ተኝታ ሳለ አውጥቶ ገደላት አይሉኝም? ልጆቿ ሲያድጉ ምን ይሉኛል?»

እውነት በመንገድ ልትሞት ትችላለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ አዘነበለ። ያን ጊዜ የመጣልኝን ተናገርሁ።

«እንግዲያ ስማኝ ልመንህ። እህትህ ያንተ ናት፣ አልወስድብህም። ብረቱ ግን የእኔ ነው። እኔ ብረቴን ይዤ ወደ መንገድ ልሄድ ነው። ወይ እህትህ ከብረቱ ጋር ትሂድ፣ ወይ ፈትቼው ልሂድ፤ ጩኸቷን ግን ቁጭ ብለህ የምታዳምጠው አንተ ነህ።»

«ይህ ግፍ ነው!»

«ነው።»

ሐረገ ወይን ከተኛችበት ድምፅዋ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ፣ «ልመንህ፣ ይህ ሽማግሌ ፈትቶኝ ከሄደ በዚች በደኅናዋ እግሬ ነው የምረግጥህ። ብረቱ ወደሚሄድበት ውሰዱኝ» አለች።

ተነሡ። ልመንህ ከፊት ተሸከመ፤ ማንም እንዲቀበለው አልፈቀደም። አምቡላንሱ ሩቅ ነው ተባለ፣ እህል የጫነ አይሱዙ አስቁመን ጆንያው ላይ አጋደምናት። በየመንገዱ ጥፍሯን እጫናለሁ፣ ማሰሪያውን አላላለሁ፣ ደግሞ ስትቃትት አጠብቃለሁ። ምን ያህል ማጥበቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። አንቺ ማጥበቂያውን ስትሞዪ የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ በምን ዐወቅሽ? ሦስት በዪ። ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል።

በሕይወቷ ደረሰች። ደም ያስፈልጋታል ሲሉ ልመንህ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ያን ሁሉ ዳገት ተሸክሞ ሲሮጥ ያልደከመው ሰው መርፌዋን ሲያይ ዘፍ አለ። አጋድመው ደሙን ቀዱ። ዛሬ ሐረገ ወይን አሸዋ ተንጠልጥሎባት ተኝታለች፣ ልጆቿን በስልክ ትቆጣለች፤ ትድናለች ብለዋል።

ያው ወጣት ሐኪም ነበር የተቀበለን። ብረቴን ፈትቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«አባቴ፣ ተረከዟን ልጦታል። ብሽሽቷንም አቁስሎታል። ጠምዝዘው ነው የሚያጠብቁት? ትንሽ ቢበዛ እኮ እግሯን ሊያሳጣት ይችል ነበር።»

«ባይኖርስ ኖሮ?»

ብረቱን እንደገና አገላበጠው።

«ባይኖርስ ኖሮ፣ እዚህ ትደርስ ነበር ወይ?»

«እሱን መናገር ከባድ ነው» አለና ብረቱን መልሶ ሰጠኝ።

ከባድ ነው ብሎ መልስ አለ? እኔ በሬ ሳጣ በዶማ የቆፈርሁ ሰው ነኝ፤ ከባድ ነው ተብዬ የምመለስ አይደለሁም። ሐኪሙን አልጠላሁትም፤ የማያውቀውን ዐውቃለሁ አላለም። አንቺ ግን ብረቱን ከእኔም ከእሱም ይልቅ በእጅሽ ታውቂዋለሽ።

አሁን ችግሬ ሐረገ ወይን አይደለችም። ባለፈው ዓርብ ከአርብ ገበያ ማዶ አንድ ቤተሰብ ቅልጥሙ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ይዘው መጡብኝ። ስሚኝ ልጄ፤ በጤና ጣቢያው በር ላይ አልፈው ነው የመጡት። በሩ ክፍት ነበር፣ ነርሱም ውስጥ ነበር። «ቢሻው ዘንድ ብረት አለ» ብለው አለፉት። ቅልጥም በዚህ አይሳብም ብዬ፣ ሰድቤ፣ ራሴ አብሬአቸው እስከ ጤና ጣቢያው ተመለስሁ። ስመለስ ግን፣ አልዋሽሽም፣ ደረቴ ሰፍቶ ነበር። ደረቴ መስፋቱ ነው ያስፈራኝ። ነገ እኔ ገበያ ስሄድ አንዱ ከግድግዳው አውርዶ ዳሌው ለተሰበረ ያስርበታል። እኔ ስሞት ደግሞ ብረቱ አይሞትም። ክር ማሰሩን፣ ጥፍር መጫኑን፣ ወደ መንገድ መውጣቱን ሳይሆን፣ እልልታውን ብቻ ነው ሰው የሚያስታውሰው።

ስለዚህ የምፈልገው ይህ ነው። ለእኛ ቀበሌ ጤና ኬላ እውነተኛውን ብረት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ንገሪኝ፤ ለወረዳው የሚነገር ከሆነ እኔ እሄዳለሁ፣ እኔን ከበር የሚመልስ ጥበቃ ገና አልተወለደም። እረፍት ስታገኚም አንድ ቀን ነይና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ይህ ብረት የመንገድ ነው፣ የቤት አይደለም ብለሽ በአንደበትሽ ንገሪልኝ። እኔ ስናገር «ሊደብቅብን ነው» ይሉኛል። የሠራሁትንም ብረት ዐይተሽ ፍረጂበት። መጥፎ ነው ካልሽ መጥፎ ነው በዪ፤ አታባብዪኝ፣ አልወድም። በያጁ ክንዱ ቆርጦ የበር መወርወሪያ ያደርገዋል።

የሚድን ነው ካልሽ ግን፣ የት ላይ እንደማቆም አሳዪኝ። ከአባቴ ወዲያ ማንም እጄን ይዞ «እንዲህ አድርግ» ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም አስተምረኝ ብዬ አላውቅም። ለጳጳስም አልሰግድ፣ ዳኛንም አልለምን። አንቺ ከልጄ ልጅ ብትበልጪ በጥቂት ነው። አስተምሪኝ። እጄ ገና አይንቀጠቀጥም፣ ዐይኔም ክር ያያል። በሬውን ጠምዶ እንደሚጠብቅ ሰው እጠብቅሻለሁ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ባዩ ነው። እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ከመቀበልሽ በፊት ከበሩ እስካንቺ ድረስ አስኪጂውና አረማመዱን ዕዪ። ያነክሳል ካልሽ ንገሪኝ፤ እናቱ አያነክስም ትላለች፣ እኔ ትንሽ ያነክሳል ባይ ነኝ። ምሳ ሳታበዪው ብትመልሺው ግን እቀየምሻለሁ።

አጥንት የሚያገጥም አምላክ እጅሽን ያጽናልሽ።

ቢሻው አስማረ፣ ከእስቴ

መሪጌታ፣ እስክሪብቶውን ያስቀምጡና ከራሱ ጀምረው ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው። «አስተምሪኝ» ያልሁበት ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ እንዳያደርጉ፤ አላፈርሁበትም።